የቦዲ ጎሚኒ ለ1977ቷ ኮርቬት፦ ጎማው ደህና፣ ቡሎኑ ከንቱ

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ስምንቱ ጎሚኒዎች፣ ማለትም በመኪናዋ ቦዲና ከታች ባለው የብረት ሻንሲ መካከል የሚገቡት የጎማ ትራሶች፣ ጥሩ ናቸው፤ የተከፈለባቸውን ያህል ያገለግላሉ። በዚያው ሳጥን የመጡትን ቡሎኖች ግን የቁም ሳጥን በር እንኳን አላስርባቸውም። ኪቱን የምትገዙ ካላችሁ ጎማውን ተጠቀሙበት፣ ቡሎኑን ለሌላ ሥራ አስቀምጡት። ከገንዘባችሁ ትልቁን ድርሻ ደግሞ ለጎማው ሳይሆን ጎማው ለሚያርፍበት ብረት አዘጋጁ። ይህን የምለው የጎማውን ዓይነት በመምረጥ ወራት የሚያሳልፉ፣ ስለ ብረቱ ግን አንድም ጥያቄ የማይጠይቁ ሰዎች ስለማይ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1977 ኮርቬት ናት፤ ከ1968 እስከ 1982 የተሠራው ሦስተኛው ትውልድ። የኋላ መስታወቱ በሁለት ክንፎች መካከል ቀጥ ብሎ የቆመበት የመጨረሻው ዓመት ይህ ነው፤ በ1978 ወደ ኋላ የተንጋለለ ሰፊ መስታወት ተተካ። ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ ግን በወረቀት ላይ 180 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። አምስት መቶ ሺኛዋ ኮርቬት ከሴንት ሉዊስ ፋብሪካ የወጣችው በዚያው ዓመት በማርች ወር ነበር። የእኔዋ ያቺ አይደለችም፤ ብትሆን ኖሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እስካሁን የቤት ኪራይ ባልከፈልኩ።

ዛሬ የምንነዳቸው አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ቦዲያቸውና ሻንሲያቸው አንድ ነው። የዚህች ግን የተለያየ ነው። ከታች የብረት ሻንሲ አለ፤ ሞተሩ፣ ማርሹና እግሮቿ በሙሉ የተያዙት በእሱ ላይ ነው። ከላይ ያለው ቦዲ ፋይበርግላስ ሲሆን፣ በሮቹንና የፊት መስታወቱን የሚሸከም የብረት አጽም በውስጡ ተቀብሯል። ሁለቱ የሚገናኙት በግራ አራት፣ በቀኝ አራት፣ በድምሩ በስምንት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ መካከል ጎማ ይገባል፤ መሐሉን ቡሎን ያልፍበታል። ፋብሪካው በ1973 ድምፅና ንዝረት ለመቀነስ ብሎ አዲስ የጎማ ጎሚኒ ማስገባቱ ይታወቃል። የዚያን ዘመን ጎማ ግን ማንም ለዘላለም አልሠራውም። ሙቀት ያደርቀዋል፣ ዘይት ያሟሟዋል፣ አየር ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ይተኛል።

ሲተኛ ምን እንደሚሆን በደንብ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ምልክቱን ለሌላ ነገር ይሰጠዋል። የእኔዋ የግራ በር ሲዘጋ ከኋላ ጥጉ ከቦዲው ጋር ይፋተግ ነበር፤ ቀለሙ በጥፍር ስፋት ተልጦ ነጩ ፋይበርግላስ ታይቷል። አንዱ ሠራተኛ የበሩን ማጠፊያ እንድቀይር መከረኝ፤ ማጠፊያው ግን ምንም አልነበረበትም። መሪውን ሳዞር ከእግሬ ፊት ለፊት የሚንቋቋ ድምፅ ነበር። የመሪው ዘንግ ቦዲው ላይ ነው፣ የመሪው ሳጥን ደግሞ ሻንሲው ላይ። ቦዲው ጥቂት ሚሊሜትር ሲወርድ ሁለቱን የሚያገናኘው የጎማ መጋጠሚያ ይጣመማል፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከፊት ደግሞ ፋኑ ከሞተሩ ጋር በሻንሲው ላይ ሲቀመጥ መከለያው ከቦዲው ጋር ነው፤ የእኔው መከለያ ከታች በኩል በፋኑ ጫፍ የተፋቀ የጨረቃ ቅርጽ ምልክት ይዟል። ከላይ የሚነሱት ሁለቱ የጣሪያ ክዳኖች ደግሞ ዝናብ ያስገቡ ነበር። የክዳኑን ላስቲክ ሁለት ጊዜ ከለወጥኩ በኋላ ነው ክፈፉ ራሱ መጣመሙ የታየኝ።

አሁን ወደ ምርጫው። ሦስት ዓይነት ይሸጣል፦ ጎማ፣ ከጎማ የጠነከረ ሰው ሠራሽ ላስቲክ የሆነው ፖሊዩሬቴን እና ድፍን አሉሚኒየም። አሉሚኒየሙ ለውድድር ሜዳ ነው፤ ጥርሱን የሚወድ ሰው መንገድ ላይ አይነዳበትም። ክርክሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወዳጄ የ1979 ሞዴል አለው፤ እሱ ፖሊዩሬቴን አስገብቷል፣ ቀዩን። መኪናውን ተውሼ ነዳኋት። ጥብቅ ናት፣ በመታጠፊያ ላይ የበሯ ክፍተት ፈቀቅ አይልም፤ ይህን አልክድም። ፖሊዩሬቴን ዘይት አይጠጣም፣ እንደ ጎማ ቶሎ አይሰነጠቅም። ነገር ግን በሀይዌይ ፍጥነት ከወለሉ የሚወጣ ቀጭን ጩኸት አላት፤ ሬዲዮ ካልከፈቱ በቀር ከሪችመንድ እስከ ዋሽንግተን ጭንቅላት ውስጥ ትቆያለች። ወዳጄ «የሞተሩ ሙዚቃ ነው» ይላል። ሞተሩን ሰምቻለሁ፤ ሙዚቃው ሌላ ነው።

ለእኔ የሚከብደው ሌላም ነገር አለ። ጠንካራ ጎሚኒ ሻንሲው የሚቀበለውን ምት ሳያለዝብ ወደ ላይ ያስተላልፋል። ላይ ያለው ደግሞ አርባ ምናምን ዓመት ያስቆጠረ ፋይበርግላስ ነው፤ በየጥጉ የቆየ ጥገና ይኖረዋል፤ የእኔዋ ከፊት መብራቶቹ ኋላ የተደረበ አሮጌ ስቱኮ አለባት። ሻንሲው ተፈቶ የተጠናከረ፣ ቦዲው አዲስ የተሠራ መኪና ያለው ሰው ፖሊዩሬቴን ቢመርጥ አልከራከረውም። መንገድ ላይ ለሚነዳ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለሚመለስ፣ ፋብሪካው የመረጠው ጎማ ይበቃዋል።

ስለዚህ የጎማውን ኪት አዘዝኩ። ሻጩ የኮርቬት ዕቃ ብቻ የሚሸጥ፣ ካታሎጉ ወፍራም የሆነ ድርጅት ነው፤ ስሙን ለጊዜው ይቆየኝ። መጀመሪያ የላከልኝ ሳጥን ላዩ ላይ የ1977 ቁጥር ተለጥፎበት ውስጡ የ1960ዎቹን ሞዴል ጎሚኒ የያዘ ነበር። ቁመታቸው አይገጥምም፤ እኔ ሳልሆን ሥራውን የሠራልኝ የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ነው በዓይኑ ብቻ ያወቀው። መልሶ ለመላክ የፖስታውን ከፍዬ፣ ብዙ ደጅ ከጠናሁ በኋላ ትክክለኛው መጣ። ዋጋው ከሁለት መቶ ዶላር በታች ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም።

ትክክለኛውን ሳጥን ስከፍት በመጀመሪያ ያሸተትኩት ሽታውን ነው። ጥሩ ጎማ የሚሸተው እንደ አዲስ የመኪና ጎማ ነው፤ ርካሹ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ መጫወቻ ይሸታል። ይህኛው ደህና ነበር። የቅርጽ ማውጫው መስመር ቀጥ ያለ፣ ትርፍ ጎማው የተላጨ፣ መሐሉ የገባው የብረት ቱቦ ከጎማው ጋር በደንብ የተጣበቀ ነው። ይህ ቱቦ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ከልክ በላይ እንዳይጨፈለቅ የሚያግደው እሱ ነው፤ ቱቦ የሌለው ጎሚኒ ላይ የጠበቀ ቡሎን በስድስት ወር ይላላል። በጥፍሬ ተጭኜ ስለቀው ምልክቱ ወዲያው ጠፋ። አሮጌውን በኋላ አውጥቼ እንዲሁ ስሞክረው ጥፍሬ አልገባም፤ በካቻቢቴ ብነካው እንደ ደረቅ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ።

ቡሎኖቹን ግን ስሙ። አሜሪካኖች የቡሎን ጥንካሬ በራሱ ላይ በተቀረጸ መስመር ይለያሉ፤ ሦስት መስመር ያለው መካከለኛ ነው፣ ስድስት መስመር ያለው ጠንካራው። ከኪቱ ጋር የመጡት ራሳቸው ልሙጥ ነው፣ አንድም መስመር የለባቸውም። ይኸውም ከሁሉ የለዘበው ደረጃ ማለት ነው። ቦዲውን ከሻንሲው የሚያስር፣ ከበታቹ ጨውና ውሃ የሚረጭበት ቡሎን! ሮንዴላዎቹም እንደ ወረቀት ሳስተዋል። አሌክሳንድሪያ ከሚገኝ የብረታ ብረት ሱቅ ባለ ስድስት መስመሩን ከወፍራም ሮንዴላ ጋር ገዛሁ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ ሻጩ ይህን ያህል የሚቆጥብበት ምክንያት አይገባኝም።

አሁን ዋናው ነገር። ሥራውን የሠራው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለ፣ የሀገራችን ሰዎች የሚያሠሩበት አነስተኛ ጋራዥ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ ሶማሌ ተራ አጠገብ የከባድ መኪና ሻንሲ ሲያቃና የኖረ ሰው ነው። ኮርቬት ይዤ ስገባ ዙሪያዋን ዞሮ፣ ተንበርክኮ፣ በካቻቢቴ እጀታ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ያለውን የሻንሲ መታጠፊያ መታ መታ አደረገ። እዚያ ቦታ ላይ የእነዚህ መኪኖች ሻንሲ መዛጉ የታወቀ ነው፤ ውሃና ጭቃ ይጠራቀምበታል። ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ነበር። «ይህ ብረት አለ፤ አልሞተም» አለ። ከዚያ በፊት ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይህን ነው የምወድለት።

ቡሎኖቹን ለመፍታት ለቀናት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ሲረጭባቸው ቆየ። አንዳንዶቹ ወጡ። ከበሩ ፊት ያለው የግራው ግን ዞረ፤ አልወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዳዶው በቦዲው የብረት አጽም ውስጥ፣ በላሜራ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ተይዟል። ጎጆዋ ስትዝግ ትለቀዋለች፤ ቡሎኑን ስታዞረው ዳዶውም አብሮ ይዞራል።

«ልጄ፣ ይህ እስከ ፋሲካ ቢዞር አይወጣም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«መስኮት እንከፍትለታለና። ግን አንተ ፊት ነው የምከፍተው፤ ኋላ ቀደደብኝ እንዳትል።»

በሹፌሩ የግራ እግር በኩል ያለው ሽፋን ተነሣ፣ ምንጣፉ ተገለጠ፣ ላሜራው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል መስኮት ተቆረጠች። በእሷ ገብቶ ዳዶውን በፒንሳ ይዞ ቡሎኑን ከታች ፈታ። ከጎጆዋ የቀረው ነገር በእጁ ላይ ሲወድቅ ቡናማ ዱቄት ነበር። አዲስ ጎጆና ዳዶ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ እሱን በየደው፣ መስኮቷን በላሜራ ዘጋት፣ ዝገት መከላከያ ቀባት። ከሂሳቡ ትልቁ ድርሻ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ኪቱን ብቻ አስልቶ ለሚመጣ ሰው ይህ ክፍል ድንገተኛ ይሆንበታል፤ በተለይ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ጨው በሚበተንበት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የኖረ መኪና ያለው ሰው ቢያንስ አንድ እንደዚህ ያለ ዳዶ እንደሚጠብቀው ቆጥሮ ይምጣ።

ጋሼ የመጀመሪያው ሳጥን የተሳሳተ በመጣ ጊዜ የራሱን መፍትሔ አቅርቦ ነበር። ከከባድ መኪና ጎማ ላይ ቆርጦ፣ ደራርቦ፣ በመሐሉ ቀዳዳ አውጥቶ ጎሚኒ ሊሠራልኝ። አዲስ አበባ ስንት አሮጌ ላንድሮቨር በዚህ ዘዴ እንዳቆመ ያውቃል፤ እኔም አምነዋለሁ፤ ከጎማ በረባሶ ሠርቶ አገር የሚያዞር ሕዝብ ጎሚኒ አያቅተውም። ግን የመኪና ጎማ በውስጡ ክርና ሽቦ አለው፣ ጥንካሬውም ከቁራጭ ቁራጭ ይለያያል። ስምንቱ ጎሚኒ እኩል ካልተኙ በሩ መልሶ ይፋተጋል። ስለዚህ አመስግኜ እንቢ አልኩ። ትንሽ ቅር ብሎት እንደነበር ይገባኛል።

ቦዲውን ማንሣቱ ራሱ ብዙ አያስወራም፤ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ፋይበርግላስ በአንድ ነጥብ ላይ በክሪክ ከተገፋ ይሰነጠቃል። ጋሼ በበሩ ሥር በርዝመቱ ወፍራም እንጨት አስገብቶ፣ በሁለት ክሪክ ጥቂት ጥቂት እያፈራረቀ፣ የአንዱን ጎን ቡሎኖች ብቻ አውጥቶ የሌላውን ጎን ላላ አድርጎ ትቶ ነው ያነሣው። ከአንድ ኢንች ብዙም አላለፈም። ከማንሣቱ በፊት የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ የነዳጅ መሙያውን አንገት፣ የፍሬን ቧንቧዎቹን፣ የራዲያተሩን ቱቦና የመሪውን መጋጠሚያ አንድ በአንድ በባትሪ መብራት አየ። ረዳቱ በዚህ መሐል ስልኩን ሲነካ አይቶት የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልዩነት ያመጣው ግን ስስ የላሜራ ቁራጮቹ ናቸው። ፋብሪካው ቦዲውን በሻንሲው ላይ ሲያስቀምጥ በየቦታው ያለውን ልዩነት የሚሞላው በእነዚህ ቁራጮች ነበር፤ አንዱ ቦታ ምንም የለውም፣ ሌላው ሁለት ሦስት ይኖረዋል። የትኛው ቦታ ስንት እንደሚወስድ ሠራተኞቹ በቀለም እርሳስ ሻንሲው ላይ ይጽፉ ነበር። የእኔዋ ላይ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ቁራጮቹ ግን ነበሩ። ጋሼ እያንዳንዱን ከየቦታው አውጥቶ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አስገባ፤ ላዩ ላይ «ግራ ሁለተኛ»፣ «ቀኝ ሦስተኛ» እያለ በአማርኛ ጻፈ። ከዚህ ቀደም ያየኋቸው ጋራዦች ሁሉንም በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምሯቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ለምን አይዘጋም ብለው ማጠፊያውን ይደበድባሉ።

አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ቡሎኖቹን አላጠበቀም። ቦዲውን አውርዶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ የ5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ጫፍ በበሩ ዙሪያ ባለው ክፍተት አስገብቶ እያንሸራተተ አየ። ከላይ ልቅ፣ ከኋላ ጥጉ ላይ ጠባብ ነበር። ከግራ ሦስተኛው አንድ ላሜራ ጨመረ። መሰርሰሪያው አሁን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ልቅነት አለፈ። ያኔ ብቻ ነው ያጠበቀው፤ በቡሎኖቹ ጥርስ ላይ ወደፊት እንዳይነክሱ የሚከላከለውን ቅባት ቀብቶ።

ውጤቱን የሞከርኩት በውድሮ ዊልሰን ድልድይ ላይ ነው። አሌክሳንድሪያን ከሜሪላንድ የሚያገናኘው ይህ ድልድይ መሐሉ ለመርከብ የሚከፈት ነው፤ የሚከፈተው ክፍል የሚጋጠምበት ብረት ላይ ሲደረስ ማንኛውም መኪና እውነቱን ይናገራል። ድሮ እዚያ ላይ ሁለት ድምፅ ነበር፦ መጀመሪያ መንገዱን የሚረግጠው የመኪናዋ ጎማ፣ ቀጥሎ ቦዲው ሻንሲው ላይ ሲወድቅ። አሁን ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በሩ በሁለት ጣት ይዘጋል። መሪው ዝም ብሏል። ጣሪያው ከነፋስ ጋር አሁንም ያፏጫል፤ ያ ግን ከሴንት ሉዊስ ይዛው የመጣችው ጠባይ ይመስለኛል፣ ማንም አያድነውም። በዝናብ በኩል ከግራው ክዳን አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው የሚገባው፤ ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ድርቅ ነው።

ስለ ጋራዡ ቅሬታም አለኝ። ስልክ አያነሡም። «ሐሙስ ናት» የተባለችው መኪና ሐሙስ አልደረሰችም፣ የሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከላሜራው ሥራና ከብየዳው የቱ ስንት እንደሆነ ለይቶ አይናገርም፣ ጠይቄም በቃል ነው የተነገረኝ። ለኢንሹራንስ ወይም ለሚቀጥለው ገዢ የተሟላ ወረቀት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያስጽፍ። የሠራውን ግን ተኝቼ ከበታች አይቼዋለሁ፤ ብየዳው ንጹሕ ነው፣ የዘጋት መስኮት ቀለም ተቀብታ ካልተነገራችሁ አታገኟትም። ጥቂት መቶ ማይል ከተነዳ በኋላ መልሶ እንዲያጠብቃቸው ራሱ ነው የጠራኝ፤ ለዚያ ገንዘብ አልተቀበለም፤ ቡና ግን አስገዝቶኛል።

ራሱ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው፦ ሊፍት ካላችሁ፣ ትዕግሥት ካላችሁ፣ ብየዳ የሚችል ሰው በስልክ ርቀት ካለ ሞክሩት። ብየዳ የሚችል ሰው ከሌለ ግን አትጀምሩት፤ ዳዶው የሚዞረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ከተዘጋ ነው። ኪቱን በኢንተርኔት ከማዘዝ ይልቅ በየዓመቱ በኦገስት ፔንሲልቬኒያ ካርላይል በሚደረገው የኮርቬት ትርዒት ላይ በእጃችሁ ነክታችሁ መግዛት ትችላላችሁ፤ ከእኛ ሰፈር ከሁለት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው። እዚያ አሮጌውን ጎሚኒ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና ቁመቱን አስተያዩ።

ለጎማው ከአምስት አራት ኮከብ፤ አንዱን የቀነስኩት በመጀመሪያው ሳጥን ምክንያት ነው። ለቡሎኑ አንድ፣ እሱም ለመጣበት ጨርቅ ከረጢት። ለጋሼ እጅ አምስት፣ ለጋሼ ስልክ ዜሮ። ለሻጩ ስለ ቡሎኑ ደረጃ ከነፎቶው ጽፌለት ነበር፤ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ በሚቀጥለው የቦዲ ጎሚኒ ግዢዬ ላይ የሚሠራ የ10 በመቶ ቅናሽ ላከልኝ። የሚያገለግለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።